በመቶኛ ብቻ ይለካል? ከሩቅ በመወርወር የምንጊዜም ምርጡ የኤንቢኤ ተጫዋች

የሌሊት ተመልካች (አዲስ አበባ)፦

ሰላም ለመድረኩ ታዳሚዎች። ከዚህ ቀደም በሌላ ርዕስ ሥር ስንወያይ «ቁጥር ወዳድ» የተባሉት አባላችን በኤንቢኤ (በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ) ታሪክ ምርጡ የሦስት ነጥብ ወርዋሪ ስቲቭ ኬር መሆኑን፣ ለዚህም መቶኛው በቂ ምስክር እንደሆነ ጽፈው ነበር። ሐሳቡ በአንድ መስመር መልስ የሚታለፍ ስላልሆነ ለብቻው ክር ከፍቼለታለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስለ መቶኛው ክርክር የለኝም። ኬር በሙያ ዘመኑ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ፣ ማለትም ኳሱ ሲገባ ከሁለት ይልቅ ሦስት ነጥብ ከሚያስገኘው ርቀት፣ 1,599 ጊዜ ወርውሮ 726 አስገብቷል፤ ይህ 45.4 በመቶ ሲሆን፣ ቢያንስ 250 ካስገቡ ተጫዋቾች መካከል የሚበልጠው የለም። አሁን ደግሞ ይህን ከጎኑ እናስቀምጥ፦ ስቴፈን ከሪ በ2015-16 የውድድር ዘመን ብቻ 886 ጊዜ ወርውሮ 402 አስገብቷል። ሲሰላ ያው 45.4 በመቶ ነው። ኬር በ15 የውድድር ዘመናት ከወረወረው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ከሪ በአንድ ዓመት ወርውሮ በዚያው ልክ ማስገባቱ፣ ሁለቱን መቶኛዎች እኩል አድርገን እንዳናነብ ያስገድደናል።

ልዩነቱ ያለው ውርወራው በሚገኝበት ሁኔታ ላይ ነው። ኬር በቺካጎ ቡልስ ሲጫወት ማይክል ጆርዳን ወይም ስኮቲ ፒፕን ሁለተኛ ተከላካይ ወደ ራሳቸው ስበው ኳሱን ሲያቀብሉት፣ እግሩ ቀድሞ ተተክሎ፣ ትከሻው ወደ ቅርጫቱ ዞሮ ይጠብቃቸው ነበር። ከሪ ግን ሁለተኛው ተከላካይ የሚላክበት ሰው ራሱ ነው። ኳሱን እያነጠረ መጥቶ በድንገት ቆሞ ይወረውራል፤ ኳሱን ካቀበለም በኋላ በሁለት ሦስት ስክሪን (ተከላካይን ለማገድ በሚቆም የቡድን ጓደኛ) ዙሪያ ሮጦ፣ ገና ሰውነቱ ሳይረጋ ተቀብሎ ይወረውራል፤ ሌሎች ወርዋሪዎች ከማይሞክሩበት ርቀትም ይወረውራል። በየካቲት 27 ቀን 2016 በኦክላሆማ ሲቲ፣ በተጨማሪው ሰዓት ማብቂያ ላይ፣ ከ11 ሜትር በላይ ርቆ ያስገባትን የማሸነፊያ ኳስ የተመለከተ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይረዳል። ጨዋታው 121 ለ118 ሲያልቅ ያቺ ኳስ የዚያ ምሽት 12ኛ ባለ ሦስት ነጥቡ ነበረች።

ስለዚህ የእኔ መለኪያ ወርዋሪው ተቃራኒውን ቡድን ምን እንዲያደርግ ያስገድደዋል የሚል ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ደግሞ ከሪ ያልተሳካለት ጨዋታ ነው። በ2022 ፍጻሜ አምስተኛ ጨዋታ በቦስተን ሴልቲክስ ላይ ከሩቅ ዘጠኝ ጊዜ ወርውሮ አንድም አላስገባም፤ በተከታታይ 132 የፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ለዋንጫ የሚደረጉ የማጣሪያ) ጨዋታዎች ቢያንስ አንድ ባለ ሦስት ነጥብ የማስቆጠር ጉዞውም እዚያ ላይ ተቋረጠ። ቡድኑ ጎልደን ስቴት ግን 104 ለ94 አሸነፈ። አራተኛው ጨዋታ ላይ ከከሪ ብቻ 43 ነጥብ ያስተናገደችው ቦስተን አንድ እርምጃ እንኳ ልትለየው አልደፈረችም፤ በዚህ የተነሳ የተከፈተውን ሜዳ አንድሩ ዊጊንስና ሌሎቹ ተጠቀሙበት። ሳያስገባ ጨዋታ የሚያሸንፍ ወርዋሪ ከእሱ በፊት አላየሁም።

ቁጥር ወዳድ፦

ስሜ ስለተነሳ መልስ መስጠት ይገባኛል። የጽሑፍዎን ጥንካሬ አደንቃለሁ፤ ሆኖም ሁለት ነገሮችን ቀላቅለዋል ብዬ አምናለሁ። «ታላቅ ተጫዋች ማን ነው?» ብለው ቢጠይቁኝ ኬር ከከሪ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊጠቀስ እንኳ አይገባም። ጥያቄው ግን «ከሩቅ ሲወረውር ኳሷን የሚያስገባ ማን ነው?» የሚል ነው። ክፍተት መፍጠር፣ ኳስ ማንጠር፣ ተከላካይ መሳብ ሌሎች ችሎታዎች ናቸው፤ በመወርወር ሚዛን ላይ መጨመራቸው ፍርዱን ያዛባዋል።

ደግሞም ያልተመቸን ኳስ አለመወርወር ራሱ ትልቅ ጥበብ ነው። ካይል ኮርቨር በ2009-10 ከዩታ ጃዝ ጋር 110 ጊዜ ወርውሮ 59 አስገባ፤ 53.6 በመቶ ማለት ነው፤ በአንድ የውድድር ዘመን ከዚህ የበለጠ የተመዘገበ የለም። እነዚህ ሰዎች ሜዳ ገብተው የሚሞቁበት ጊዜ አልነበራቸውም። ኬር በ2003 የምዕራብ ኮንፈረንስ (የሊጉ ምዕራባዊ ምድብ) ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ ላይ፣ በዚያ ፕሌይኦፍ ሜዳ የገባባቸው ደቂቃዎች እጅግ ጥቂት ሆነው ሳሉ፣ ከሳን አንቶኒዮ ተቀያሪ ወንበር ተነስቶ በዳላስ ላይ ከሩቅ አራት ወርውሮ አራቱንም አስገብቷል። በየጨዋታው ከአሥር ጊዜ በላይ የመወርወር ነጻነት ያለው ሰው ሁለት ቢስት ሦስተኛው ይጠብቀዋል፤ ለኬር ግን ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ዕድል አልነበረም።

ማዕዘን (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦

ወንድሞቼ፣ እስካሁን ሬይ አለን ሳይነሳ መቆየቱ ገርሞኛል። በ18 የውድድር ዘመናት 2,973 ባለ ሦስት ነጥብ፣ 40 በመቶ፤ ከዚያም አልፎ በቅርጫት ኳስ ታሪክ እጅግ አስፈላጊዋን የሩቅ ውርወራ ያስገባው እሱ ነው። ያቺን ውርወራ በዝርዝር ልጽፋት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በስድስት ሰከንድ ውስጥ የመወርወር ሙያ ምን እንደሆነ ሁሉንም ትናገራለች።

ሰኔ 18 ቀን 2013፣ የፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ፣ ማያሚ። ሳን አንቶኒዮ 3 ለ2 እየመራ ነው፤ ካሸነፈ ዋንጫው የእሱ ነው። ግማሽ ደቂቃ ያህል ሲቀር ውጤቱ 94 ለ89 ነበር፤ ለዋንጫ ሥነ ሥርዓቱ የተዘጋጁት ሠራተኞች ቢጫ ገመድ ይዘው በሜዳው ጠርዝ መሰለፍ ጀምረዋል። ሌብሮን ጄምስ ባለ ሦስት ነጥብ አስገባና ልዩነቱን ወደ ሁለት አጠበበ። ካዋይ ሌናርድ ከሁለቱ የቅጣት ውርወራዎች አንዱን ሳተ፤ 95 ለ92 ሆነ። ሌብሮን በድጋሚ ከሩቅ ወረወረ፤ ሳተ። ክሪስ ቦሽ ሪባውንዱን (ተስቶ የተመለሰውን ኳስ) ይዞ ኳሱን ወደ ቀኝ ማዕዘን ሲልከው አለን ከቅርጫቱ አጠገብ ተነስቶ፣ ፊቱን ከኳሱ ሳያዞር፣ ወደ ኋላ በፍጥነት እየረገጠ ወደዚያው እያመራ ነበር። በማዕዘኑ ላይ በሦስት ነጥቡ መስመርና በሜዳው ጠርዝ መካከል ያለው ስፋት 91 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ግማሽ እርምጃ ቢያጥር ኳሷ ሁለት ነጥብ ብቻ ታወጣና ማያሚ ይሸነፋል፤ ግማሽ እርምጃ ቢረዝም መስመሩን ረግጦ ኳሱ ከእጁ ይወሰዳል። አለን መሬቱን ቁልቁል አላየም። ተቀበለ፣ እግሩ ገባ፣ ዘለለ፣ ወረወረ፤ 5.2 ሰከንድ ሲቀር 95 እኩል ሆነ። ማያሚ በተጨማሪው ሰዓት 103 ለ100 አሸነፈ፤ ሰባተኛውንም አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ይህ ዕድል አልነበረም። አለን በልምምድ ሜዳ ላይ መሬት ተኝቶ በድንገት እየተነሳ፣ ወደ ማዕዘን ወደ ኋላ እየሮጠ፣ መስመሩን ሳያይ ተቀብሎ መወርወርን ለዓመታት ሲለማመድ የኖረ ሰው ነው። ከጨዋታው በፊት ከማንም ቀድሞ አዳራሹ ገብቶ በየቦታው ቆሞ መወርወሩንም የቡድን ጓደኞቹ ሁሉ ያውቁታል። በ2010 ፍጻሜ ሁለተኛ ጨዋታ በሎስ አንጀለስ ላይ ስምንት ሲያስገባ ሰባቱ የመጀመሪያው አጋማሽ ላይ ነበሩ። የእኔ ሚዛን እንግዲህ ይህ ነው፦ ሁሉም ነገር በአንዲት ኳስ ላይ በወደቀበት ሰዓት እጁ የማይለወጥ ማን ነው?

የድሮው ኢንዲያና፦

ሁላችሁም የምታወሩት መንገዱ ከተጠረገ በኋላ ስለመጡት ነው። ኤንቢኤ የሦስት ነጥቡን መስመር የተቀበለው በ1979-80 ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ያስገባው የቦስተኑ ክሪስ ፎርድ ጥቅምት 12 ቀን 1979 በሂውስተን ላይ መሆኑ ይታወቃል። ያን ዓመት አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ከሩቅ የሚወረውረው በአማካይ ሦስት ጊዜ እንኳ አይሞላም ነበር፤ 2.8 ብቻ! በ2024-25 ከ37 በላይ ደርሷል። የያኔዎቹ አሰልጣኞች ከሩቅ መወርወርን እንደ ችኮላ ይቆጥሩት ነበር። ላሪ በርድ በ1986፣ በ1987 እና በ1988 የመጀመሪያዎቹን ሦስት የውርወራ ውድድሮች በተከታታይ ሲያሸንፍ እንኳ፣ በጨዋታ ላይ ብዙ እንዲወረውር የሚጠብቅ አልነበረም።

ሬጂ ሚለር በዚህ ዘመን ውስጥ ነው 2,560 ያስገባው፤ ያውም ተከላካዩ እጁን በወገቡ ላይ ጭኖ እንዳሻው በሚገፋበት ጊዜ። በ2004 ይህን የሚከለክለው ሕግ ሲጠብቅ የሚለር ጉዞ ሊያበቃ አንድ ዓመት ቀርቶት ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1995 በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን 18.7 ሰከንድ ሲቀር ኢንዲያና 105 ለ99 ተመርታ ነበር። ሚለር አንድ ባለ ሦስት ነጥብ አስገባ፤ ኒው ዮርኮች ኳሱን ወደ ሜዳ ሲያስገቡ ነጠቃቸው፤ አጠገቡ ቅርጫት እያለ ወደ መስመሩ ተመልሶ ሌላ ባለ ሦስት ነጥብ አስገባና እኩል አደረገ። ከዚያም ሁለት የቅጣት ውርወራ፤ በ8.9 ሰከንድ ስምንት ነጥብ፣ 107 ለ105። ወደ መስመሩ መመለሱን ልብ በሉልኝ። በዚያ ዘመን ያን የሚያስብ ተጫዋች እሱ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

ድራዠን ፔትሮቪችንም እንዳትረሱት። ከአውሮፓ፣ የሦስት ነጥቡ መስመር 6.25 ሜትር ላይ ከነበረበት ውድድር መጥቶ 7.24 ሜትር ላይ በአራት የውድድር ዘመናት 43.7 በመቶ አስገባ። በ1993 በመኪና አደጋ ሲያልፍ 28 ዓመቱ ነበር።

ቁጥር ወዳድ፦

ለአባታችን ለድሮው ኢንዲያና አንድ ነገር ላክል። ኤንቢኤ ከ1994-95 እስከ 1996-97 ድረስ መስመሩን በሁሉም አቅጣጫ ወደ 6.70 ሜትር አቅርቦት ነበር። የሚለር ስምንት ነጥብ በቀረበው መስመር ላይ የተቆጠረ ነው፤ ዴኒስ ስኮት በ1995-96 ያስገባቸው 267ቱም እንዲሁ። የኬርም 52.4 በመቶ በ1994-95 የተመዘገበ መሆኑን ራሴ አስቀድሜ እናገራለሁ፤ ነገር ግን ኬር በ1989-90 ከክሊቭላንድ ጋር፣ መስመሩ ሙሉ ርቀቱ ላይ ሳለ፣ 50.7 በመቶ አስገብቶ ሊጉን መርቷል። ስለዚህ የእሱ እጅ በመስመሩ መቅረብ የተፈጠረ አይደለም።

የሜዳው አሰልጣኝ (አዲስ አበባ)፦

ልጆችን ስለማሠለጥን ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ልመልከተው። እስካሁን ያወራችሁት ስለ ውጤት ነው፤ እኔ ደግሞ ስለ ውርወራው አሠራር ጥቂት ልበል።

የቅርጫቱ ቀለበት ስፋት 45.7 ሳንቲ ሜትር ሲሆን የኳሱ ደግሞ 24 ገደማ ነው። ኳሱ ቀጥ ብሎ ከላይ ቢወርድ ሰፊ በር ይጠብቀዋል። ጠፍጣፋ ሆኖ በ30 ዲግሪ ቢመጣ ግን ከእሱ አቅጣጫ ሲታይ የበሩ ስፋት 23 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ማለትም ብረቱን ሳይነካ መግባት አይችልም። በ45 ዲግሪ ሲወርድ በሩ ከ32 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። ከሪ ኳሱን ከብዙዎች በበለጠ ከፍ አድርጎ የሚልከው ለውበት ብሎ አይደለም። ከፍ ማድረግ ግን ከሩቅ ሲሆን ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ ያ ጉልበት ከእጅ ከመጣ እጁ ይዛነፋል፤ ስለዚህ ከእግር መነሳት አለበት። የከሪ ቁመት 188 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በሊጉ ሚዛን አጭር ነው። ዝላዩ ገና ሲጀምር ኳሱ ከግንባሩ አልፎ ስለሚሄድ የእግሩ ጉልበት ሳይባክን ወደ ኳሱ ይተላለፋል፤ ተከላካዩም እጁን ለማንሳት ጊዜ አያገኝም።

ይህ አወራወር አብሮት የተወለደ አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያለ ኳሱን የሚወረውረው ከወገቡ አካባቢ ነበር። አባቱ ዴል ከሪ፣ ራሱ በሻርሎት ሆርኔትስ የታወቀ ወርዋሪ፣ በአንድ ክረምት አፍርሶ ከላይ እንዲጀምር አደረገው። ልጁ ለሳምንታት ከቅርጫቱ ርቆ መወርወር አቅቶት እንደነበር ሁለቱም በተለያየ ጊዜ ተናግረዋል። እኔ ይህን ታሪክ ለልጆቼ ደጋግሜ የምነግራቸው፣ በየትምህርት ቤቱ ሜዳ የማያቸው ታዳጊዎች የከሪን የ11 ሜትር ውርወራ ብቻ አይተው ከእሱ በፊት ያለውን ስለሚዘሉ ነው። ክንዱ ገና ያልጠነከረ የ12 ዓመት ልጅ ከመስመሩ ውጭ ሲወረውር ኳሱን ከትከሻው ጀርባ ጎትቶ እንደ ድንጋይ ይወነጭፈዋል፤ ያ ልማድ ከያዘው በኋላ ማረም ከባድ ነው። ከቅርብ ይጀምር፤ ርቀቱ ከጉልበቱ ጋር ይመጣል።

በአወራወር ንጽሕና ብቻ ከተመዘነ ደግሞ የእኔ ምርጫ ክሌይ ቶምፕሰን ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን 2016 ኢንዲያና ላይ በ29 ደቂቃ 60 ነጥብ ሲያስቆጥር ኳሱን ያነጠረው 11 ጊዜ ብቻ ነበር። ጥር 23 ቀን 2015 በሳክራሜንቶ ላይ በአንድ ሩብ 37 ነጥብ ያስቆጠረ ጊዜ ከሩቅ ዘጠኝ ወርውሮ ዘጠኙንም አስገብቷል። ጥቅምት 29 ቀን 2018 በቺካጎ ላይ ያስገባቸው 14 ባለ ሦስት ነጥቦች የአንድ ጨዋታ ክብረ ወሰን ናቸው። እግር፣ ክርን፣ አንጓ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት። ለልጆች ተንቀሳቃሽ ምስል የማሳያቸው የእሱን ነው፤ የከሪን መኮረጅ አይችሉም።

ብርቱካናማ፦

ጋሼ አሰልጣኝ፣ ስለ ቀለበቱ ስፋት የጻፉትን ለእህቴ ልጅ አነበብኩላት፤ እግዜር ይስጥልኝ። የተከፈተው ርዕስ ኤንቢኤን የሚመለከት ቢሆንም፣ ከሩቅ ስለ መወርወር እየተነጋገርን ሴቶቹን መተው አግባብ አይመስለኝም።

ዳያና ቶራዚ በ2025 መጀመሪያ ላይ ጫማዋን ስትሰቅል በደብሊው ኤንቢኤ 1,447 ባለ ሦስት ነጥብ አስመዝግባ ነበር፤ የሊጉ ከፍተኛ ነው። ሳብሪና ዮኔስኩ በሐምሌ 2023 በላስ ቬጋሱ የውርወራ ውድድር የመጨረሻ ዙር 27 ኳስ ወርውራ 25 አስገባች፤ ከ40 ሊገኝ ከሚችለው ነጥብ 37 ሰበሰበች። በወንዶችም በሴቶችም በአንድ ዙር ከዚያ የበለጠ ነጥብ ያገኘ አልነበረም። በየካቲት 2024 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ከከሪ ጋር በአንድ መድረክ ሲገጥሙ እሷ የመረጠችው የወንዶቹን መስመር ነበር። ከሪ 29 ለ26 አሸነፈ። የእሷ 26 ግን በዚያው ምሽት ዴሚያን ሊላርድ የወንዶቹን ውድድር ያሸነፈበት ነጥብ ነው። ይህን እዚህ የምጽፈው ሽንፈትን ለማሳመር አይደለም፤ ተከላካይ በሌለበት፣ ቁጥር ወዳድ በሚፈልጉት ንጹሕ ሚዛን ላይ፣ በዚያ ምሽት በሁለተኛነት የተቀመጠችው ሴት መሆኗን ለማሳየት ነው።

የሌሊት ተመልካች፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ክሩ ከጠበቅሁት በላይ ዳብሯል።

ለማዕዘን፦ የአለንን ውርወራ እንዲህ አድርጎ የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም። አለን የሚለርን ክብረ ወሰን በየካቲት 2011 ሲሰብር ሚለር በአዳራሹ ነበር። ታኅሣሥ 14 ቀን 2021 በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ከሪ 2,974ኛውን ሲያስገባ ደግሞ ሁለቱም በቦታው ተገኝተው አቀፉት። ያን ጨዋታ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ተነስተን የተመለከትን የአዲስ አበባ ልጆች፣ ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ ቢጫጫነንም፣ ሦስቱን በአንድ ላይ ማየታችን ለብዙ ጊዜ መነጋገሪያችን ሆኖ ቆይቷል። አለን እዚያ ለመድረስ 1,300 ጨዋታ ሲያስፈልገው ከሪ በ789 ደርሷል፤ በመጋቢት 2025 ደግሞ ከ4,000 አልፏል።

ለቁጥር ወዳድ፦ መወርወርን ከሌላው ችሎታ ልለየው ባልፈልግም፣ በእርስዎ ሚዛንም እንመዝን። ተከላካይ የሌለበት፣ ርቀቱ ለሁሉም እኩል የሆነ ውርወራ አለ፤ የቅጣት ውርወራ። እዚያም በሊጉ ታሪክ የከሪ መቶኛ፣ 91 ገደማ፣ የመጀመሪያው ነው። የኬር 86.4 ነው።

የድሮው ኢንዲያና፦

ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ግን ልጄ፣ አንድ ጨዋታ በጽሑፍህ ውስጥ የለም። ሰኔ 19 ቀን 2016፣ የፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ፣ በራሱ ሜዳ። 73 ጨዋታ ያሸነፈው ቡድን ዋንጫው በእጁ ሊገባ ሲል ከሪ ከሩቅ 14 ወርውሮ ያስገባው አራት ብቻ ነበር። 89 እኩል ሳሉ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ሲቀር፣ ከፊቱ ቆሞ ባለ ሦስት ነጥብ ያስገባበት የተጋጣሚው የክሊቭላንድ ተጫዋች ካይሪ ኧርቪንግ ነው። ማዕዘን ያነሱት ሚዛን፣ ማለትም ሁሉም ነገር በአንዲት ኳስ ላይ የሚወድቅበት ሰዓት፣ እዚያ ቀን ላይ አጋድሏል።

በአጠቃላይም ከሩቅ መወርወር ቡድንን እንደሚያነሳ ሁሉ ይጥለዋል። ሂውስተን በ2017-18 ከሁለት ነጥብ ይልቅ ሦስት ነጥብ በብዛት የወረወረ የመጀመሪያው ቡድን ሆነ፤ በምዕራቡ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ ላይ ግን በተከታታይ 27 ሳተና ተሰናበተ። ያን ቀን ከ44 ያስገባው ሰባት ነው። ሚለር ቢሆን ከ27ቱ በፊት ወደ ውስጥ ገብቶ ፎል ያስመጣ ነበር።

ማዕዘን፦

አባቴ፣ 27ቱን በሒሳብ ካየነው የሚያስፈራው ከሚመስለው ያነሰ ነው። ከሩቅ 40 በመቶ የሚያስገባ ሰው በአንድ ውርወራ በአማካይ 1.2 ነጥብ ያገኛል፤ ከመስመሩ ውስጥ ያንኑ ለማግኘት 60 በመቶ ማስገባት ይኖርበታል። ለዚህ ነው ሁሉም ቡድን ወደ ሩቁ የሄደው፤ ሂውስተን ያን ቀን ቢወድቅም ሊጉ ወደ ኋላ ያልተመለሰው። የ2016ቱን ሰባተኛ ጨዋታ በተመለከተ ግን ከእርስዎ ጋር ነኝ። አለን እንዲያ ባለ ሌሊት ቢሆን የሚለውን ሐሳብ ከአእምሮዬ ማውጣት አልቻልኩም።

የሌሊት ተመልካች፦

ጋሼ፣ ያን ጨዋታ ሳልጠቅስ ማለፌ ስለማላውቀው አይደለም፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ጨዋታ ነው። ሆኖም «በጨነቀ ጊዜ እጁ ይለወጣል» የሚለውን ፍርድ በ2016 ላይ ዘግተን ከሄድን የቀረውን እናጣለን። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ብዙም አልተሳካለትም ነበር። በግማሽ ፍጻሜው አሜሪካ በሰርቢያ በ17 ነጥብ ተመርታ ስታሸንፍ ከሪ 36 ነጥብና ዘጠኝ ባለ ሦስት ነጥብ አስቆጠረ። ነሐሴ 10 በተደረገው ፍጻሜ ፈረንሳይ፣ በራሷ ሕዝብ ፊት፣ ሦስት ደቂቃ ያህል ሲቀር ልዩነቱን ወደ ሦስት ነጥብ አጠበበች። ከዚያ በኋላ ከሪ አራት ባለ ሦስት ነጥብ አከታትሎ አስገባ፤ የመጨረሻዋን ሁለት ረጃጅም ተከላካዮች እጃቸውን ዘርግተውበት። 98 ለ87። አንድ የተሳሳተ ውርወራ ወርቁን ሊያሳጣ በሚችልበት ሰዓት፣ ከሪ ያን ኳስ ለመወርወር ማንንም ፈቃድ አልጠየቀም።

ቁጥር ወዳድ፦

የፓሪሱን ቡድን ያሠለጠነው ስቲቭ ኬር መሆኑን እኔ ልጨምር። ጎልደን ስቴትንም ከ2014 ጀምሮ የሚያሠለጥነው እሱ ነው። ከታሪክ ሁሉ የሚበልጥ መቶኛ ያለው ሰው፣ ያልተመቸ ኳስ ሳይወረውር 15 የውድድር ዘመናት የተጫወተው ሰው፣ ከሪ ሁለት ተከላካይ ላይ ሲወረውር «ተው» አላለውም። ይህ ለእርስዎ ወገን ከጠቀሳችኋቸው ቁጥሮች ሁሉ የሚከብድ ምስክርነት መሆኑን እቀበላለሁ። ተከላካይ ሳይኖር፣ እግር ተተክሎ፣ አንድ ኳስ ብቻ ይወርወር ከተባለ ግን አሁንም ኬርን እመርጣለሁ። ጋሼ አሰልጣኝ፣ እርስዎ ቶምፕሰንን እንደሚሉ ገምቻለሁ፤ የብርቱካናማን ምርጫ ግን መስማት እፈልጋለሁ።

ብርቱካናማ፦

ዮኔስኩ። ከወንዶቹ መስመር ላይ።